እመቤት ሉፔ ቫቫኡን በባልዲ ያመጡበት ዘመቻ

ትልቁ ማቀዝቀዣ በገባ በሰባተኛው ዓመት፣ የጋራዡ ጣሪያ ባፈሰሰ በሁለተኛው ዓመት፣ እመቤታችን ሉፔ በባላቸው በፌሌቲ ቤት ላይ በነገሡ በዐሥራ አራተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥር፣ የሲድኒ ምዕራብ ዳርቻ ሬንጅ ከጫማ ሶል ጋር በተጣበቀበት በዚያ የሙቀት ሳምንት የሆነው ነገር ይህ ነው። የጻፍሁትም እኔ፣ አጥራቸውን የምጋራ ጎረቤት፣ ግማሹን በዓይኔ አይቼ፣ ግማሹን በአጥር ላይ ሰምቼ ነው።

ትርጓሜ ስማቸው ርግብ የሆነ፣ ክንዳቸው ግን የርግብ ያልሆነ፣ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ በማጠፍ የጸኑ፣ ሲቆጡ ሦስት መንደር የሚያሰሙ እመቤት ሉፔ በዚያ ወራት ታላቅ ኀዘን ገጠማቸው። የቤታቸው ሥርዓት ይህ ነበርና፦ ገና ሲቃረብ ባሕር ተሻግሮ በቶንጋ ወዳለችው የትውልድ ደሴታቸው ወደ ቫቫኡ መውረድ፣ አራት ሳምንት አሸዋ ላይ መጋደም፣ ኦታይ የሚሉትን የሐብሐብና የኮኮናት መጠጥ በባልዲ በጥብጦ መጠጣት፣ ኬኬ የሚሉትንም ድብልብል ቦምቦሊኖ ከመጥበሻው እየነጠቁ ጣት እያቃጠሉ መብላት። ዘንድሮ ግን አማታቸው አባ ማካ፣ ሊቀ ዓሣ አጥማጅ፣ ሻርክ አይተው የማይደነግጡ፣ በሳሙና ተንሸራትተው ወደቁ፤ የዳሌ መገጣጠሚያቸውም በቀዶ ሕክምና ተቀየረ፤ ሐኪሙም «ራስዎን ችለው ካልቆሙ አውሮፕላን የሚባል ነገር የለም» ብሎ ፈረደ። ሰኞ ነርሷ መጥታ ልታያቸው ነበር። ከቆሙ በሰኔ እንዲበሩ ይፈቀድላቸዋል፤ ካልቆሙ ግን እንጃ።

አባ ማካም ሦስት ሳምንት ሙሉ ከወንበራቸው አልተነሡም። ደረቅ ብስኩት በሻይ እየነከሩ ቀመሱ እንጂ ሌላ አልበሉም።

እመቤታችን «አባባ፣ ትንሽ ይሞክሩ እንጂ» ሲሏቸው «ተነሥቼ ምን ላይ? በመስኮቱ የሚታየኝ የዚያ ሰውዬ ቆሻሻ ገንዳ ነው» ይሉ ነበር። ገንዳው የእኔ የጸሐፊው ነው። ቅር አላለኝም።

በዚያን ጊዜ እመቤታችን ተነሡ፤ ሽርጣቸውን ታጠቁ፤ በዘመድ ሁሉ ስልክ ላይም እንዲህ የሚል አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ፣ ያልሰማህ ስልክህን ቻርጅ አድርግ! ዘንድሮ ወደ ቫቫኡ አልሄድንምና ቫቫኡ ራሷ ወደ እኛ ትመጣለች። ቅዳሜ በእኩለ ቀን በጓሮዬ ኦታይ ይጠጣል፣ ኬኬ ይበላል። የጠርሙስ መጠጥ ይዞ የተገኘ ከበር ይመለሳል። እኔ ሉፔ።»

አዋጁ ከወጣ አፍታም ሳይቆይ የፌሌቲ ታላቅ እኅት ወይዘሮ ኤሌኖአ፣ በቶንጋ ሥርዓት የወንድማቸውን ቤት ከላይ ሆነው የሚገዙ፣ ምርጡ ወንበር ሳይነገር የሚለቀቅላቸው፣ በድምፅ መልእክት መለሱ።

«አንቺ? ኦታይ? ኧረ ተይኝ የኔ እመቤት! የአምናው እኮ የሳሙና እጣቢ ነበር። ለማንኛውም ምሳዬን በልቼ እመጣለሁ።»

እመቤታችን ይህን ሰምተው ስልኩን በዱቄት ከረጢት ላይ ወረወሩት።

ቅዳሜ ማለዳ ሠራዊቱ ዘመተ። የሠራዊቱም ስም ዝርዝር ይህ ነው፦ በፊት ፌሌቲ፣ የጭነት መኪና ነጂ፣ ደረቱ የበር ያህል የሆነ፤ በቀኝ ሰማያዊው ባልዲ፤ በግራ የኮኮናት መፈቅፈቂያው፣ ጥርሱ ከአሮጌ መጋዝ የባሰ፤ በኋላም ባዶ ጆንያ። ሦስት ሱቅ ዞረው የበሰለ ኮኮናት አጡ። በአራተኛው ግን አንድ የፊጂ ነጋዴ ከመደርደሪያው ሥር ዐሥራ ሁለት አወጣላቸው፤ እመቤታችንም አንድ በአንድ ጆሯቸው አጠገብ እየነቀነቁ የውሃውን ድምፅ አደመጡ፤ ሁለቱን «እነዚህ ዲዳ ናቸው» ብለው መለሱ። ከዚያም ሕፃን የሚያህል ሳይሆን ሕፃን የሚያስፈራ ሐብሐብ ገዙ። በመኪናውም የፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው ቀበቶ አሰሩለት፤ ፌሌቲ ራሱ ከኋላ ተጣጥፎ ተቀመጠ፤ መሪውን እመቤታችን ያዙ።

ነገር ግን ከመነሣታቸው በፊት፣ በመኪና ማቆሚያው ቁልቁለት ላይ፣ ፌሌቲ የተረሳውን ጆንያ ሊጭን ወርዶ ሲያነሣው ከሥሩ ተተረተረ። ዐሥሩም ኮኮናቶች ነጻ ወጡ። አንዱ ወደ ገበያ ጋሪዎቹ፣ አንዱ በዚያ ወደ ቆመ ፖሊስ፣ ሌሎቹ ወደ ዋናው መንገድ ተንከባለሉ።

«ፌሌቲ! ያዘው! ያንን ሳይሆን ያንን!» ብለው ጮኹ እመቤታችን።

«የቱን? ሁሉም አንድ ዓይነት ነው እኮ ሉፔ!»

ፌሌቲም በሆዱ ተንሸራቶ ከቆመ አውቶቡስ ሥር ገባ፤ ሾፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ አብሮት ተንበረከከ፤ ተሳፋሪዎችም በመስኮት አጨበጨቡ። ዘጠኙ ተማረኩ። ዐሥረኛው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ከቤት ሲደርሱ ገጀራው ቫቫኡ እንደቀረ ታወቀ። እኔም በአጥሩ ላይ መዶሻዬን አቀበልሁ። እመቤታችን የመጀመሪያውን ኮኮናት ሲመቱት ሳይሰበር ዘሎ አጥሩን ተሻገረና የአበባ ማሰሮዬን አደቀቀው። «ይቅርታ ጎረቤት!» አሉ፤ «ግድ የለም፣ አበባው ድሮም ደርቋል» አልሁና ኮኮናቱን መለስሁላቸው። ሁለተኛው ተሰበረ። ከዚያ በኋላማ መዶሻው አላረፈም። በአጭር በርጩማ ተቀምጠው፣ ባልዲውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ ነጩን ሥጋ ፈቀፈቁ፤ ወተቱን በጨርቅ ጨመቁ፤ የጣታቸውን መገጣጠሚያ ሁለት ጊዜ ላጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ እኔ እዚህ የማልጽፈውን ቃል ተናገሩ።

ፌሌቲ ለኬኬው ዘይት አጋለ። የመጀመሪያው ዙር ከሰለ። ሁለተኛው ዙር ውጭው ወርቅ ውስጡ ሊጥ ሆነ። ሦስተኛው ሲሠምር አምስቱን ቆሞ በላ፤ ሲጠየቅም «እየፈተንሁ ነው» አለ።

እንዲህ ሳሉ፣ ለእኩለ ቀን ገና ግማሽ ሰዓት ሲቀር፣ ወይዘሮ ኤሌኖአ እንደ ሀገራቸው ወግ የክብር ሰሌናቸውን በወገባቸው ታጥቀው፣ ማራገቢያቸውን ይዘው ከች አሉ። እመቤታችን ደነገጡ። ሐብሐቡ ገና አልተነካም ነበር። ለሁለት ሰንጥቀው፣ በማንኪያም በእጅም በክርንም ዝቀው ባልዲው ውስጥ ከተቱት፤ ሎሚ ጨመቁ፤ ስኳር ነሰነሱ፤ በረዶ ደፉ፤ አማሰሉ። ፍሬውን ለመልቀም ጊዜ አልነበረም። ጥቁሩ ፍሬ በቀዩ ኦታይ ላይ ተንሳፈፈ።

አባ ማካን ከነወንበራቸው ተሸክመው ወደ ጓሮ አወጧቸው። የመጀመሪያው ኩባያ ለእርሳቸው ተቀዳ። ውሃ የማጠጣ መስዬ ቆሜ የነበርሁት እኔም በደንብ እንድሰማ ቧንቧዬን ዘጋሁ። ሽማግሌው ጠጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጉንጫቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ወይ ጉድ!» አሉ ኤሌኖአ ወደ ባልዲው ጎንበስ ብለው፤ «ፍሬውን ሳታወጪ? አባባን ልታንቂያቸው ነው እንዴ? አላልኳችሁም? እኔ ድሮም...»

ቱፍ!

ፍሬው በኤሌኖአ ማራገቢያ ላይ አረፈ። ኤሌኖአ ማራገቢያቸውን አራገፉ። አባ ማካ ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሚያለቅሱ መስሎን ነበር፤ ለካስ እየሳቁ ነው።

«እናታችሁ» አሉ በሣቅ እየታነቁ፣ «ፍሬው ያልተለቀመ ኦታይ ነበር የምትሰጠኝ፣ አውቃ! አሸዋው ላይ ቆመን ማን አርቆ እንደሚተፋ እንወዳደራለን። የእኔ ውሃው ጋ ሲወድቅ የእሷ የታሰረችውን ጀልባችንን አልፎ! አርባ ዓመት አሸነፈችኝ፣ አንድ ቀን እንኳ አላዘነችልኝም!»

ከልጆቻቸው ይህን ቀድሞ የሰማ አልነበረም። እናቲቱ ከሞቱ ወዲህ ስለ እርሳቸው ሲያወሩም የመጀመሪያቸው ነበር። ፌሌቲ መጥበሻውን ይዞ ቀረ።

አባ ማካ ሌላ ፍሬ በምላሳቸው ፈልገው ተፉ፤ እግራቸው ሥር ወደቀ። ተናደዱ።

«ቁጭ ተብሎ አይተፋም! ወንበሩ ነው ያስቸገረኝ!»

አሉና ሁለት እጃቸውን በመደገፊያው ላይ ተክለው ተነሡ። ፌሌቲ ሊይዛቸው ሮጠ።

«ዞር በል! ጥላህ ያሰናክለኛል!»

ቆሙ። ራሳቸውን ችለው ቆሙ፤ ደረታቸውን ነፉ፤ ተፉ፤ ፍሬውም የልብስ ማስጫውን አልፎ አጥሩን መታው። እኔ ጸሐፊው ሥራዬን ረስቼ ጮኽሁ። እመቤታችን ሉፔም እጃቸው እስከ ክርን በሐብሐብ እንደ ቀላ አፋቸውን ይዘው ቆመው ነበር፤ ቀጥሎ ዘለሉ፤ መሬቱም ተሰማው።

«አይቆጠርም!» አሉ ኤሌኖአ ድንገት። «አባባ፣ እግርዎ መስመሩን አልፏል፤ እያጭበረበሩ ነው! እስቲ ለእኔም ቅጂልኝ።»

«ምሳሽን በልተሽ የለ እንዴ እትዬ?» አሉ እመቤታችን።

«ለፍሬው ነው! መጠጡን ማን ፈለገው?»

ለፍሬው ሲሉ አምስት ኩባያ ጠጡ፣ ሰባት ኬኬ በሉ፤ የክብር ሰሌናቸውን ፈትተው በአጥር ላይ ሰቀሉ፤ በሦስት ስንዝርም በአባታቸው ተሸነፉ።

ሰኞ ነርሷ መጣች። አባ ማካ በር ላይ ቆመው ተቀበሏት፤ ወረቀቷንም ሞልታ ሄደች። በዚያው ምሽት ወይዘሮ ኤሌኖአ በዘመድ ሁሉ ስልክ ላይ አዋጅ አስነገሩ፦ «ሉፔ ኦታይ ትችላለች። ይህን ሁለተኛ አልናገርም።»

እንግዲህ ዘጠኝ ኮኮናት የሰበሩ፣ ተራራ የሚያህል ሐብሐብ በክርናቸው የገለበጡ፣ ደሴትን ያለ መርከብ ያሻገሩ፣ አማታቸውን ከወንበር ላይ ያለ ገመድ ያነሡ፣ የባላቸውን እኅት በኩባያ ያስገበሩ እመቤታችን ሉፔ ይክበሩ፤ ባልዲያቸው አይንጠፍ፣ ክንዳቸው አይዛል፣ በጣታቸው ላይ ያለው ቁስልም ለዓለም ሁሉ ይታይ። በሰኔ ቫቫኡ ይወርዳሉ፤ ለፍሬ መትፋቱም ውድድር ጀልባዋ ከአሸዋው ራቅ ብላ እንድትታሰር አባ ማካ ከወዲሁ አዝዘዋል።