በኖራ የተሠመረው ቤት

(ሜዳ የመሰለ ባዶ ቦታ። ልብስ ሰፊው የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ የኖራ ባልዲ በእጁ ይዞ፣ የሚያሠራውን ቤት ንድፍ በልኩ መሬት ላይ አሥምሮ ጨርሷል። ነገ ጠዋት ግንበኞች መጥተው መሠረቱን ይቆፍራሉ። ትዳር ከያዘ ጀምሮ ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተጠጋግቶ የኖረ ሰው ነውና ደስታው ልክ የለውም። የጎደለው ነገር ቢኖር የሚስቱ ፊት ነው፤ ስለ ንድፉ ባነሡ ቁጥር ሲነታረኩ ከርመው፣ በመጨረሻ «እንዳሻህ አድርገው!» ብላ ወሬውን ዘግታዋለች። ዛሬ የሜትሩን ጫፍ የሚይዝለት ሰው ቢያጣ ሚስቱ ታናሽ ወንድሟን ላከችለት። ልጁ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ተብሎ በቤተሰቡ ዘንድ ስሙ ፈዜ ነው። አሁን ፈዜ በኖራው መስመር ውስጥ ቆሞ «አልነቃነቅም» ብሏል።)

ልብስ ሰፊ፦ ና ውጣ እልሃለሁ!

ፈዜ፦ በየት በኩል ጋሼ?

ልብስ ሰፊ፦ በፈለግኸው በኩል! እግርህን አንሣና ተሻገር!

ፈዜ፦ ግድግዳውን?

ልብስ ሰፊ፦ የምን ግድግዳ? መስመር እኮ ነው!

ፈዜ፦ ቅድም ስረግጠው «ግድግዳዬን አፈረስከው» ብለህ ጮኸህብኝ አልነበር?

ልብስ ሰፊ፦ ኖራው እርጥብ ስለነበር ነዋ!

ፈዜ፦ አሃ። አሁን ግን ደርቋል። የደረቀ ግድግዳ ደግሞ ጭራሽ አይታለፍም።

ልብስ ሰፊ፦ (ወደ ሰማይ እያንጋጠጠ) አምላኬ፣ ሚስት ስትሰጠኝ ወንድም የሌላት ጠፍታ ነው? ስማ ፈዜ፣ አሁን የቆምከው የት ነው?

ፈዜ፦ መሬት ላይ።

ልብስ ሰፊ፦ መኝታ ቤት ውስጥ ነው! መኝታ ቤት!

ፈዜ፦ እሺ፣ መኝታ ቤት። በሩስ?

(ልብስ ሰፊው መስመሩን በዓይኑ ዞረው፤ ደግሞ በእግሩ ዞረው። አራቱም ጎን ድፍን ነው።)

ልብስ ሰፊ፦ በሩ... በሩ በኋላ ይቀደዳል።

ፈዜ፦ ይቀደዳል?

ልብስ ሰፊ፦ ምን ታፈጥብኛለህ? ኮት ስሰፋ የአዝራሩን ቀዳዳ የምቀደው መጨረሻ ላይ ነው። ቤትም ያው ነው። ዋናው ልክ ማወቅ ነው፤ የሰውነትም ሆነ የቤት። እኔ ይህን ያህል ዘመን ሰፊ ሆኜ ኖሬ...

ፈዜ፦ እሱስ እውነት ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ ሰፊው አንተ ብቻ።

ልብስ ሰፊ፦ ምን አልክ?

ፈዜ፦ ጎበዝ ሰፊ ነህ አልኩ።

ልብስ ሰፊ፦ (ፊቱ በራ) እሱንማ የለበሰ ሁሉ ይመሰክራል። (በጫማው ኖራውን ፍቆ ክፍተት እየሠራ) ይኸው በር! ውጣ! ደግሞ ዛሬ ሙያ ትማራለህ። ንድፍ ማለት በሐሳብ ገብቶ መኖር ነው። ከዚያ ዙርና እንግዳ ሆነህ ና። ሳሎኔን አሳይሃለሁ።

(ፈዜ ዞሮ በዋናው በር በኩል ይመጣና አየሩን ያንኳኳል።)

ፈዜ፦ ኳ! ኳ! ኳ!

ልብስ ሰፊ፦ ግባ!

ፈዜ፦ «ማነው?» አይባልም እንዴ? ሌባ ብሆንስ?

ልብስ ሰፊ፦ እያየሁህ እኮ ነው!

ፈዜ፦ በግድግዳው ውስጥ?

ልብስ ሰፊ፦ (ጥርሱን ነክሶ) ማነው?

ፈዜ፦ እንግዳ ነኝ። ደህና ናችሁ? (ገብቶ መሬቱ ላይ ዘፍ ይላል) እሰይ፣ ሳሎን ማለት ይህ ነው! አውቶቡስ ያዞራል።

ልብስ ሰፊ፦ አየህ! ቤት የሚመዘነው በሳሎኑ ነው። እንግዳ ጓዳህን አያይ፣ ምን አስጨነቀህ?

ፈዜ፦ ልክ ነው። ሻይ ግን ይጠጣል።

ልብስ ሰፊ፦ ይመጣልሃላ! እህትህ ከኩሽና ታመጣልሃለች።

ፈዜ፦ እትዬማ እዚህ የለችም። አንተ እሷን ሁን።

ልብስ ሰፊ፦ እኔ? ሚስቴን?

ፈዜ፦ በሐሳብ ገብቶ መኖር ነው ብለህ የለ? ወይስ እሱም በኋላ ይቀደዳል?

(ልብስ ሰፊው ግራ ቀኝ አይቶ፣ አላፊ አግዳሚ እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ፣ ባልዲውን በሁለት እጁ እንደ ሻይ ሰርቢስ ይዞ ወደ ኩሽናው ይሄዳል። ኩሽናው ያለው ከጓሮ፣ ከመታጠቢያ ቤቱም ወዲያ ነው። ከዚያ መንገዱን ይጀምራል፤ በመታጠቢያ ቤቱ ጎን ታጥፎ፣ በመኝታ ቤቱ ዞሮ፣ በጠባቡ ኮሪደር ውስጥ ባልዲውን ወደ ላይ አንሥቶ በጎኑ እየተሳበ ሳሎን ይደርሳል።)

ልብስ ሰፊ፦ (እያለከለከ) እንካ... ሻይ።

ፈዜ፦ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። (ቀምሶ) ቀዝቅዟል።

ልብስ ሰፊ፦ አይቀዘቅዝም!

ፈዜ፦ እሺ። ስኳርስ?

(ልብስ ሰፊው ይመለሳል። በኮሪደሩ፣ በመኝታ ቤቱ፣ በመታጠቢያ ቤቱ። ደግሞ በመጣበት።)

ልብስ ሰፊ፦ ይኸው ስኳር!

ፈዜ፦ ማማሰያውን ረሳሽው እትዬ።

ልብስ ሰፊ፦ በጣትህ አማስል!

ፈዜ፦ በእንግዳ ፊት እንዲህ ይባላል? ሰው ቤት ሠርቶ...

(ልብስ ሰፊው ለማንኪያው ሦስተኛ ዙር ጀምሮ መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ቆመ። ላቡን በሜትሩ ጫፍ ጠረገ። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ የስፌት መኪና ሲረግጥ የሚውል ሰው ጉልበቱ አልቻለም። ለአፍታም ሚስቱ ትዝ አለችው፤ ይህን መንገድ በየቀኑ፣ በየሰዓቱ፣ ትኩስ ድስት ይዛ።)

ልብስ ሰፊ፦ ይህ... ይህ ኩሽና ቦታው ትክክል አይደለም።

ፈዜ፦ ተው እንጂ! ከጓሮ መሆኑ ያምራል።

ልብስ ሰፊ፦ አንተ ምን ይገባሃል! ኩሽና ከሳሎን ጎን ነው መሆን ያለበት! እጅህን ዘርግተህ የምታቀብልበት! አሁን በራሴ ጭንቅላት መጣልኝ።

ፈዜ፦ ወይ ጭንቅላት! ግን ሳሎኑ ይጠባላ።

ልብስ ሰፊ፦ ይጥበብ! አውቶቡስ ላቆምበት ነው እንዴ?

(አሮጌውን መስመር በጫማው እየደመሰሰ አዲስ ኩሽና ከሳሎኑ ጎን ያሠምራል። ፈዜ ገብቶ ይቆምና በኃይል ማሳል ይጀምራል።)

ልብስ ሰፊ፦ ደግሞ ምን ሆንክ?

ፈዜ፦ ሽንኩርቱ... እህ እህ... አረረ። ጭሱ መውጫ አጣ።

ልብስ ሰፊ፦ የምን ሽንኩርት? ሰማይ ነው እኮ ያለው ከላይህ!

ፈዜ፦ ጣሪያ የለውም ይህ ቤት? እህ! እህ! እህ!

ልብስ ሰፊ፦ በቃ፣ በቃ! መስኮት! ይኸው፣ ትልቅ መስኮት! ወደ ፀሐይ መውጫ አደረግኩልህ፤ ጠዋት ጠዋት ብርሃን ይግባበት። እንዲህ ያለውን ነገር መሐንዲስም አያስበው።

ፈዜ፦ (ሳሉን ወዲያው ትቶ) እኔማ ከየት አስቤው።

(ልብስ ሰፊው ደረቱን ነፍቶ ወደ ፊት ለፊቱ ይወስደዋል።)

ልብስ ሰፊ፦ አሁን የቤቱን ግርማ እይ። እዚህ ደረጃ ይኖራል። ሰው ወደ ላይ እየወጣ ነው የሚገባው። እማማም ከእኛ ጋር ሊሆኑ ነው፤ ለእሳቸው ከዋናው በር አጠገብ ያለችውን ክፍል ሰጥቻለሁ። የሚገባ የሚወጣውን እያዩ ይጫወታሉ።

ፈዜ፦ እማዬ ደስ ይላታል። ብቻ ዓይኗ ደክሟል እኮ፣ ማየቱን እንኳ...

ልብስ ሰፊ፦ ድምፅ ይሰማሉ!

ፈዜ፦ እሱስ ይሰማል። እስቲ ልሞክረው። እኔ እማዬን ልሁን።

(ከመሬት እንጨት አንሥቶ ይመረኮዛል። ወገቡን ጎበጥ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግራ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ የሌለ ግድግዳ እየዳሰሰ ከእማማ ክፍል ወጣ። መታጠቢያ ቤቱ ከቤቱ ሌላ ጫፍ ነው። ኮሪደሩ ላይ ምርኩዙና ትከሻው አብረው አላለፉም፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሞከረ። ቀጥሎ ወደ ውጪ ዞረ፤ ደረጃው ይሆናል የተባለበት ቦታ ሲደርስ እግሩን ወደ ባዶው ዘርግቶ፣ መርገጫ አጥቶ እየተንቀጠቀጠ ቆመ።)

ፈዜ፦ (በእናቱ ድምፅ) ልጄ... የት ነው የምረግጠው?

(ልብስ ሰፊው ሊስቅ ነበር፤ ግን አማቱ ልክ እንዲህ ነው ግድግዳ የሚዳስሱት። የወለዱት እናቱ የሞቱ ጊዜ «እናት አላጣህም፣ አለሁልህ» ብለው እጁን የያዙት እነዚያ እጆች ናቸው። ሮጦ ሄዶ የፈዜን ክንድ ያዘ።)

ልብስ ሰፊ፦ ቀስ ይበሉ እማማ፣ ይዤዎታለሁ።

ፈዜ፦ (አንድ ዓይኑን ገልጦ) እኔ ነኝ እኮ ጋሼ።

ልብስ ሰፊ፦ (ክንዱን በፍጥነት ለቆ፣ ወደ ሌላ እያየ) አውቃለሁ! ... ደረጃው ይቅር።

ፈዜ፦ ግርማውስ?

ልብስ ሰፊ፦ ግርማ አፈር ይብላ! ሜዳ ለሜዳ ይገባል። የእማማ ክፍል ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ይሁን። ኮሪደሩንም ደግፎ የሚሄድ ሰው ጎን ለጎን እንዲያልፍበት ላስፋው። ያዝ ሜትሩን!

(ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሲያፈርሱ ሲሠሩ ዋሉ። ሲጨርሱ ልብስ ሰፊው ወገቡን ይዞ አዲሱን ቤት አየው። አሁን በሐሳቡ ሲገባበት የትም አልተጋጨም።)

ልብስ ሰፊ፦ ፈዜ፣ ዛሬ ምን ተማርክ?

ፈዜ፦ ብዙ ነው ጋሼ። አንተ ባትኖር ኖሮ ቤት ማለት ግድግዳ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ልብስ ሰፊ፦ ቀስ በቀስ ይገባሃል። ቆይ፣ ለእህትህ ልደውልላት። ይህን ስትሰማ ኩርፊያዋን ትረሳለች። (ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ) ሄሎ! የኔ ዓለም፣ የምሥራች! ስለ ኩሽናው አንድ ነገር አስቤ... (ያዳምጣል) አዎ፣ ከሳሎኑ ጎን። እንዴት አወቅሽ? ... መስኮቱማ... አዎ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ። ... እንዴ! ... የእማማ ክፍልም... አዎ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር... ደረጃውም ቀርቷል... (ድምፁ እየቀነሰ) ኮሪደሩም ሰፍቷል። ... እሺ። እነግረዋለሁ።

(ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ይከታል። ፈዜ ባልዲውን ማጠብ ድንገት በጣም አስፈላጊ ሆኖበታል።)

ፈዜ፦ ምን አለች?

ልብስ ሰፊ፦ «ፈዜን አንዱንም ሳይረሳ ስላደረሰልኝ አመሰግነዋለሁ በልልኝ» አለች።

ፈዜ፦ (ራሱን እያከከ) አይ እትዬ! ምስጢር አይበረክትላትም።

ልብስ ሰፊ፦ አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ማለት አንተ ነህ! ሻዩም፣ ሳሉም፣ ሁሉም የእሷ ትእዛዝ ነበር? «በሩስ?» ያልከውም?

ፈዜ፦ ኧረ እሱ የራሴ ነው። የእውነት መውጫው ጠፍቶኝ ነው።

ልብስ ሰፊ፦ ታዲያ ለምን በአፏ አትነግረኝም?

ፈዜ፦ ነግራሃለች እኮ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አልካት። እሷም ጭራሽ ምንም የማያውቅ ሰው ላከችልህ፤ እሱን ሰማኸው።

(ልብስ ሰፊው ቤቱን አየ፣ ፈዜን አየ። ሊቆጣ ከንፈሩን አሞጠሞጠ፤ ግን የኩሽናው መስኮት ዓይኑ ውስጥ ገባና ቁጣው ከዳው። መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።)

ልብስ ሰፊ፦ እንግዲያው ቀኑን ሙሉ ጅሉ እኔ ነበርኩ ማለት ነዋ።

ፈዜ፦ ተው ጋሼ፣ ራስህን አታዋርድ! ጅል ሰው እንዲህ ያለ ያማረ ቤት መንደፍ ይችላል?

ልብስ ሰፊ፦ (ትንሽ ተጽናንቶ) አይችልም።

ፈዜ፦ አልነደፈማ!