ጡረታ መውጣታቸውን ያልሰሙት የሐማሙ አዛዥ

ጡረታ መውጣቱን ያልሰማ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የቀድሞው ፖስተኛ በሰው እጅ ላይ ደብዳቤ ባየ ቁጥር አድራሻውን ካላነበብኩ ብሎ ይታገላል። የቀድሞው መምህር የሰርግ መጥሪያ ሲደርሰው የፊደል ግድፈቱን በቀይ አርሞ ለሙሽራው አባት ይመልሳል። እነዚህን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። «ሐማም ሩማና» የሚባለው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት የዕድሜ ልክ አዛዥ ከሆኑት ከክብርት ለላ ዝሊኻ አጠገብ ሲቆሙ ግን ሁሉም ጀማሪዎች ናቸው።

«ለላ» በኛ አገር እሜቴ ማለት ነው። ለላ ዝሊኻ በካይሩዋን አሮጌው ከተማ፣ በዚያ ሐማም የሴቶች ሰዓት፣ አርባ አንድ ዓመት ሃርዛ ሆነው ሠርተዋል። ሃርዛ ማለት በር ላይ ተቀምጣ የምታስገባ፣ ውስጥ ገብታ ጀርባ የምታሽ፣ የምትቆጣና የምታስታርቅ ሴት ናት። እቶኑ ፈንድቶ ሐማሙ ከተዘጋ አስራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ማኅበራችን ሕንጻውን አድሶ የሰፈሩ የባህል ማዕከል ሊያደርገው ቁልፉን በተረከበ ዕለት፣ እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ሻድሊ በሩን ስከፍት፣ ሴትዮዋ ባልዲያቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማዘጋጃ ቤቱ፣ ለላ።»

«ማዘጋጃ ቤት ማነው? እናትህን በዚህ እጄ ነው ያጠብኳት። በል ጫማህን አውልቅ!»

አወለቅሁ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሲ ዙሄይርም፣ አቶ ዙሄይር እንደማለት ነው፣ እያጉረመረመ አወለቀ። በዚህ ከተማ ያለ ወንድ ሁሉ እናት አለችው፤ እናቶቹን ሁሉ ደግሞ እሳቸው አጥበዋቸዋል። ለዚህ ክርክር መልስ ያገኘ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ድንጋጤ ቀለቤ ሆነ። ሠራተኞቹ የሙቁን ክፍል ግድግዳ በሲሚንቶ ለስነው ሲጨርሱ ሴትዮዋ አንድ ጣሳ ውሃ ረጩበት፣ ጆሯቸውን ለጠፉበትና «ታፍኗል፤ ይሄ ግድግዳ አይተነፍስም» አሉ። ሲ ዙሄይር እስኪያስለው ሳቀ። በሦስተኛው ሳምንት ልስኑ እንደ ቂጣ ተገምሶ አዲሱ ቀይ ቆቡ ላይ ወደቀ። ከዋና ከተማ የመጣችው አርክቴክታችን ኢንሳፍ ወዲያው ሲሚንቶውን አስፍቃ ኖራ አስነከረች። ለላ ዝሊኻ ጣታቸውን ኖራው ውስጥ ነከር አድርገው ቀመሱት። ኖራ! አምቡላንስ ልጠራ ስሮጥ «አልበሰለም፤ አንድ ወር ይቆይ» የሚል ድምፅ ተከተለኝ። ኢንሳፍ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፤ ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋን እንደ ጥላ መከተል ሆነ ሥራዋ።

ሌላ ቀን ደግሞ የአዳራሹን ምሰሶዎች ቀይና አረንጓዴ ቀለም ፍቀን እብነ በረዱን አወጣነው። እኛ በውበቱ ስንደመም እሳቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ራቁታቸውን አቆማችኋቸው! አታፍሩም?» በማግስቱ ስንገባ ስድስቱም ምሰሶዎች ወገባቸው ላይ ፎጣ ታጥቀው ጠበቁን። ሊያወልቅ የደፈረ ሠራተኛ አልነበረም፤ ቀለሙን መልሰን ቀባን።

ነገሩ የከረረው አሻንጉሊቷ ስትመጣ ነው። በዕቅዱ መሠረት ሙቁ ክፍል ኤግዚቢሽን ይሆናል፤ በመሃሉ ጎብኚዎች እንዲያዩ ከሰም የተሠራች ሃርዛ ትቆማለች። ለላ ዝሊኻ ሦስት ጊዜ ዞሯት።

«ይቺ ደግሞ ማነች?»

«ሃርዛ ናት፣ ለላ» አልኩ፤ ላቤ እየወረደ።

«በዚህ ክንዷ? ይቺ ድመትም አታጥብ!» አሉና ሳቁ። ከዚያ ግን ሳቃቸው ድንገት ቆመ። እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። «ስማኝ ሻድሊ። እቶኑ ይነድ። ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ሴቶቹ ይታጠቡ። ሌላውን ቀን ግጥማችሁንም ዘፈናችሁንም አድርጉበት።»

«ሴቱ ሁሉ ዛሬ ቤቱ ሻወር አለው እኮ።»

«ሻወር ያያል? ማን እንደከሳች፣ ማን እንደተመታች፣ ማን ሕመሟን ደብቃ እንደምትዞር የማየው እዚህ ነበር። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ነው የማገኛቸው። ልብስ የለበሰች ሴት ሁሉ ስትጠየቅ ደህና ነኝ ነው የምትለው።»

ቃላቸውን ለስብሰባ አቀረብኩ። ሲ ዙሄይር «እንፋሎቱ ኤግዚቢሽኑን ያበላሻል» አለ። ሰባት ሰዎች ነበርን፤ ሰባት እጅ ወጥቶ ጥያቄው ውድቅ ሆነ። አንዱ እጅ የኔ ነው። እነግራቸው ዘንድ ስሄድ «ገባኝ» ብቻ ብለው ባልዲያቸውን አንስተው ሄዱ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ሰዓቱን ዘጠኝ ሰዓት ያልነው እኛው ነን። ያ ሐማም ከተሠራ ጀምሮ ከሰዓት የሴቶች እንደሆነ አንዳችንም አላሰብነውም። አገረ ገዢው መጡ፣ ሙዚቀኞቹ ከኋላ ተሰለፉ፣ እኔ መቀሱን በትሪ ይዣለሁ። ወደ በሩ ስንዞር አሮጌው ምስማር ላይ ቀይ ባለመስመር ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

በኛ አገር ሐማም በር ላይ ጨርቅ ካለ ውስጥ ሴቶች አሉ ማለት ነው። ያንን አልፎ የገባ ወንድ አልተሰማም፤ ካለም አገር ቀይሯል። ሠላሳ ሰው ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ፤ ከበሮ መቺው ከፊቱ ካለው ጋር ተላተመ። ቀና ስል ከጭስ ማውጫው ጭስ ይወጣል! ኢንሳፍ እቶኑን ያስጠገነችው «ለታሪካዊ እውነትነት ነው» ብላኝ ነበር፤ አሁን እሷም የለችም። ከውስጥ የውሃ ድምፅ፣ የጣሳ ኳኳታና እልልታ ይሰማል። ደነገጥኩ ብል ያንሳል። መቀሱ እግሬ ላይ ወደቀ።

«ጨርቅ እኮ ነው! ግቡ እንጂ!» አለ ሲ ዙሄይር፤ እያለ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

አገረ ገዢው ለአንዱ ፖሊስ «አውርደው» አሉት።

ፖሊሱ መሬት መሬት አየ። «ጌታዬ፣ እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ቤት የለችም።»

እያንዳንዳችን የየቤታችንን ሰው መቁጠር ጀመርን። ባለቤቴ ወሲላ «እህቴ ጋ ነኝ» ብላኝ ነበር። ወዲያው ከውስጥ አንድ ሳቅ ሰማሁ። የሷ ነው። እንዲህ ጮክ ብላ ቤታችን ውስጥ ስቃ ግን አታውቅም።

አገረ ገዢው በሦስት ክንድ ርቀት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለላ፣ ስንት ሰዓት ትጨርሳላችሁ?»

«ማነው?»

«አገረ ገዢው ነኝ።»

«የማን ልጅ?»

ሰውየው ጎንበስ ብለው የእናታቸውን ስም ነገሯቸው። ሰውየው የሌላ ከተማ፣ የስፋክስ ተወላጅ ናቸው።

«እሷን አላጠብኳትም» አሉ ለላ ዝሊኻ፤ ቅር ያላቸው ይመስላል። «ግን አልፈህ አልገባህም፤ አሳድጋሃለች። ስማ ልጄ፣ ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት የኛ ነው። ጻፍና ፈርም፣ ከዚያ ሪባንህን ቁረጥ።»

በንግግራቸው ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፈው ፈረሙ፤ ሲ ዙሄይርም ከስሩ ፈረመ። ወረቀቱ በጨርቁ ስር ገብቶ፣ ርሶና የሳሙና ጣት አሻራ ታትሞበት ተመለሰ። ሪባኑ ተቆረጠ፤ የሙዚቃው ዝግጅት ጎዳናው ላይ ተካሄደ። አሻንጉሊቷ አሁን የካባ መስቀያ ናት።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ሴትዮዋን በሩቁ እየፈራሁ እኖር ነበር። ከወር በኋላ ግን ወሲላ ከሐማም ተመልሳ፣ «ለላ ዝሊኻ ጀርባሽ ላይ ያለችው ጥቁር ነገር አላማረችኝም፤ ሐኪም ሳያይሽ ሰኞ አላስገባሽም አሉኝ» አለችኝ።

«የቷ ጥቁር ነገር?»

ዞራ አሳየችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ጣራ ስር ኖረን አይቻት አላውቅም። ሐኪሙ ቆርጦ አወጣትና አስመረመራት፤ ውጤቱን ሲነግረን መነጽሩን አወለቀ። «በደንብ ወጥታለች። ማን ነው ያየው ግን? ግማሽ ዓመት ቢቆይ እንዲህ ቁጭ ብለን አናወራም ነበር።»

ሁለት ኪሎ መቅሩድ፣ ቴምር የተሞላ ጣፋጭ፣ አሠርቼ ሄድኩ። ያዘጋጀሁት የምስጋና ንግግር ነበረኝ፤ አፌን ስከፍት ለቅሶ ሆነ።

«ምን ያስለቅስሃል? እኔ ጀርባዋን አጠብኩ። አንተ ሠላሳ ዓመት ምን ስትሠራ ነበር?» አሉኝ። እንባዬን ጠርጌ ሳጥኑን አቀበልኳቸው። መቅሩዱን ቀምሰው «ዘይቱ የሰነበተ ነው» አሉ፤ ሳጥኑን ግን አልመለሱም።

እወዳቸዋለሁ። ይኸው ተናገርኩት። ሐሙስ ከሰዓት መንገዴ ባይሆንም በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ ግድግዳው ጥግ ቆሜ ከውስጡ ጫጫታ የወሲላን ሳቅ ለመለየት እሞክራለሁ። እንዴት እንደሚያውቁ አላውቅም፤ ብዙም ሳልቆይ ያ ድምፅ ይመጣል።

«ማነው እዚያ የቆመው? ሻድሊ?»

«አቤት፣ ለላ።»

«አይቻታለሁ፤ ደህና ነች። በል ሂድ!»

እሄዳለሁ።