መቀመጥ ያቃተን ተዋንያን

ከሥራ ሁሉ ቀላሉ መቀመጥ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ሐበሻ ሆኖ አያውቅም ማለት ነው። እኛ ዘንድ መቀመጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ማን ለማን ይነሳል፣ ማን ሲገባ ማን «ኖር» ይላል፤ ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ እንኳ ግማሽ ልቡ በሩ ላይ ነው።

ይህን ሳላስብ ነው እንግዲህ፣ እዚህ ባሕር ማዶ ቻምብሊ በምትባል ከተማ ለሚሠራ ፊልም «ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰዎች አምጣልን» ሲሉኝ የሰንበቴ ማኅበርተኞቼን ሰብስቤ የሄድኩት። ክፍሉ የድሮ ዘመን ሐኪም ቤት መጠበቂያ ሆኖ ተሰናድቷል። እኛ ሕመምተኞች ነን። አንድ ሽማግሌ ይገባሉ፣ ወንበር ያጣሉ፣ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም፣ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሽማግሌውን የሚጫወቱት ሚስተር ላቬል ናቸው። በወጣትነታቸው ጥቁር ተዋናይ አሽከር ሆኖ ትሪ ካልተሸከመ ካሜራ ፊት አይቀርብም ነበርና፣ ትሪውን አስቀምጠው ከወጡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሳቸው ናቸው። ረሃቡን ችዬዋለሁ፣ ጎንበስ ማለቱን ግን ወገቤ እንቢ አለኝ ብለው አጫወቱኝ። ዋና ተዋናይ ሲሆኑ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ በዚህ ዕድሜ የመጨረሻቸውም ሊሆን ይችላል። ዳይሬክተሯ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይህ ትዕይንት ካልተቀረጸ ከፊልሙ ይወጣል ብላ ቁርጡን ነግራናለች።

ገቡ። ሽበታቸው፣ ቁመናቸው! ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ። ከማኅበርተኞቼ ወይዘሮ አሰገደችማ «ኖር፣ አባቴ» ብለው ወንበራቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉላቸው። «ካት» ተባለ። ተመከርን፣ ተቀመጥን፤ ሲገቡ እንደገና ተነሳን። ዳይሬክተሯ ሰዎችህ ምን ነካቸው ብላ አፋጠጠችኝ። ምን ልበላት? እናቶቻችን በኩርኩም ያስገቡብንን ነገር በአንድ ከሰዓት በምክር ላወጣው ነው?

ሚስተር ላቬል ዘዴ አመጡ። ቀጥ ብዬ ስገባ ከሆነ የሚነሱት፣ ጎብጬ ልሞክር አሉ። ዕድሜ ልኩን እንቢ ያለ ወገብ ለእኛ ሲል ጎበጠ። የባሰ መጣ። ወይዘሮ አሰገደች «እኔን» እያሉ ሮጠው ክንዳቸውን ደገፉና፣ ልጆቻቸው የት ሄደው ነው ሰውዬው ብቻቸውን ሐኪም ቤት የሚመጡት ብለው ካሜራውን ጭምር ተቆጡ።

ዳይሬክተሯ ዕቃ ይነሳ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ሽማግሌው በእጃቸው አስቆሟትና ወደኛ ዞሩ። እኔ አስተረጎምኩ። እንዲህ ግድግዳ ተደግፎ የቀረ፣ የተናቀ ሰው ነበር፣ አባቴ ነው፤ እናንተ ካልናቃችሁኝ እሱን ማን ያየዋል? እባካችሁ ተቀመጡልኝ አሉ።

ወይዘሮ አሰገደች «እንግዲህ ትልቅ ሰው ካዘዘ ምን ይደረጋል» አሉ። ነገሩ በዚህ አለቀ፤ የሽማግሌ ቃል እንዴት ይታለፋል? ሲገቡ እጃችንን ከጭናችን ሥር ከትተን፣ ዓይናችንን መሬት ላይ ተክለን፣ ጥርሳችንን ነክሰን ተቀመጥን። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ዳይሬክተሯ ይህን የመሰለ ጭካኔ በትወና አይቼ አላውቅም ብላ አደነቀችን።

ወይዘሮ አሰገደች ግን ይህ ፊልም እኛ የምንኖርበት ስኔልቪል እንዳይደርስ ለምንልኝ፣ ልጆቼ ካዩት ከእንግዲህ ምን ብዬ እቆጣቸዋለሁ ብለው ያዙኝ።

ሚስተር ላቬል ኮታቸውን እየደረቡ ሳቁ። «ዕድሜዬን በሙሉ ሰው እንዲነሳልኝ ስታገል ኖርኩ» አሉኝ። «የተነሱልኝ ቀን ከሥራዬ ሊያስባርሩኝ ነበር!»