ወንድሜ ዝም ያሉበት ጨዋታ

ሜዳ ዳር ቆሞ ዳኛ ላይ የማይጮህ አሰልጣኝ ገና አልተወለደም፤ ተወልዶ ከሆነም ሌላ ሥራ ይዟል። ይህን የምለው ከአንዱ ጋር አንድ ቤት ስለምኖር ነው። ታናሽ ወንድሜ፣ ክቡር አሰልጣኝ፣ የሰፈራችንን እግር ኳስ ቡድን ያሠለጥናሉ።

ኳሷ ገና ስትነፋ ክቡርነታቸው "ፍጹም ቅጣት ምት! ዳኛ፣ ዓይንህን ምን ነካው?" ይላሉ። ቤትም ያው ናቸው። ድመታችን ከጎረቤት ድመት ጋር ስትጣላ መስኮት ከፍተው "ከኋላ ነው የገፋቻት!" ብለው ይፈርዳሉ። ዳቦ ቤት አንድ ሰውዬ ሰልፍ ጥሶ ቢገባ፣ ሻጯን "ከጨዋታ ውጭ ነው፣ መስመሩን እዪ እንጂ!" አሏት። እኔ ሻርፔን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ እንደማላውቃቸው ሆንኩ።

ዳኛው በሥራ ቀን ሰዓት ሠሪ ነው፤ ለወንድሜም መላ አለው። ሲጮሁበት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ዝግ ብሎ መስመሩ ድረስ ይመጣና እንደ ትንኝ በቀጠነ ድምፅ ያናግራቸዋል። ምን እንዳለ ለመስማት ክቡርነታቸው ራሳቸው ወደ ተመልካቹ ዞረው "ዝም በሉ! ዳኛው እየተናገረ ነው!" ብለው ይቆጣሉ። ሜዳው ጭጭ ሲል ዳኛው "አልነበረም" ብሎ ይሄዳል።

ዘንድሮ ግን ከውድድሩ አዘጋጆች ማስጠንቀቂያ መጣ። አንዴ እንኳ ከጮሁ ዓመቱን ሙሉ ሜዳ አይገቡም። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያላቸው ሜዳ ብቻ ነው። ለዋንጫው ጨዋታ የፊት ፎጣ ሰጠኋቸው፤ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ተቀመጡ። እኔም ለጥበቃ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሊያልቅ ሲል አጥቂያችን ግብ ጠባቂውን አለፈ። ሊመታ እግሩን ሲያነሳ፣ ተከላካዩ ቁምጣውን ይዞ ጎተተው። ቁምጣው ጉልበቱ ድረስ ወረደ፣ ልጁም ተደናቅፎ በግንባሩ ተደፋ። ዳኛው ግን በዚያች ቅጽበት አቧራ የገባበትን ዓይኑን እያሸ ነበር።

"ፍጹም ቅጣት ምት! ዳኛ፣ ዓይንህን ምን ነካው?"

ማን እንደጮኸ ለማየት ዞር ስል፣ ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል። እኔን! ታክሲ ላይ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ ከቤቴ አልፌ የምወርደውን ሰው!

ዳኛው እየሮጠ መጣ። "ከዚህ ወንበር ማን ነው የጮኸው?"

ወንድሜ ፎጣውን ከአፉ አወጣ። እዚህ ላይ አንቱታውን ልተወው፤ ታናሼ ነው።

"እኔ ነኝ" አለ።

"አንተ?"

"እኔ ነኝ አልኩህ! እሷ ኳስ ክብ መሆኑንም አታውቅ።"

ያጠፋውን እንኳ አጠፋሁ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ ያላጠፋውን ተሸከመልኝ።

ዳኛው እሱን አየ፣ እኔን አየ። "የአንተን ድምፅ ተኝቼም አልስተውም። ተቀመጥ" አለው። ከዚያ ለእኔ ጎንበስ አለና፣ "እናቴ፣ ፍጹም ቅጣት ምት አልነበረም" አለኝ።

"ነበር እንጂ!" አልኩት።

ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። "ተይ እንጂ እትዬ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ዳኛ ይከበራል።"