ጎሚስታው የዓይኑን ግፊት ሲያማርጥ

ሦስት ቦታ የተመረመረ ሰው አንድ ቦታ ከተመረመረው ይበልጥ ያውቃል ይባላል። አያውቅም። የወደደውን ውጤት ይዞ የቀረውን ይጥላል እንጂ። እንዲህ ያለ ዘመድ የሌለው ማን አለ?

እኔ ያለኝ ጎረቤቴ ነው፤ የአየር ጤና ሰፈሩ ጎሚስታ ጋሽ ሙዘሚል። መጀመሪያ የዓይኑን ግፊት አየር እፍ በሚል መሣሪያ ለኩት፤ ሃያ ስድስት። ከሃያ አንድ ባያልፍ ነበር ደግ። "አስደንግጦኝ ነው" አለ። ሌላ ክሊኒክ ሄደ። እዚያ የሚያደነዝዝ ጠብታ አድርገው ዓይኑን በሚነካ መሣሪያ ለኩት፤ ሃያ ስምንት። ሐኪሟ ሌላም ሌላም መርምራ፣ "ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ በሽታ ጀምሮሃል፤ ካልታከምክ ያሳውርሃል" አለችው። "ነካክተውት እንዴት አይጨምር!" ብሎ ወጣ። በመጨረሻ አንድ መነጽር ሻጭ የዓይኑን ቆብ በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ "ደህና ነው" አለው። ጋሽ ሙዘሚል ሐኪም አገኘ!

ይህን ሁሉ የሚያጫውተኝ ጎማዬን እየነፋ ነው። እኔም ጎማውን በእግሬ መታ አድርጌ፣ "ይበቃል፣ ሞልቷል" አልኩት።

"በእርግጫ ነው እንዴ የሚለካው? መለኪያው ለምን ተሠራ?" ብሎ ጮኸብኝ።

"በጣትስ ይለካል ጋሼ?"

መለኪያውን ጎማው ላይ ሰካና፣ "አንተ ሰውዬ ክፉ ነህ" ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ ወደ ሐኪሟ ተመለሰ። ግፊቱን የሚቀንስ ጠብታ ጀመረ፤ ከወራት በኋላ በዚያው በሚነካው መሣሪያ ሲለካ ወደ አሥራ ስድስት ወርዷል። ግላኮማ የወሰደው እይታ አይመለስም፤ የእሱ ግን ብዙ ሳይወሰድ ተደረሰበት። አሁን ጎማ በነፋ ቁጥር ደንበኛውን ዓይንህን ተለክተሃል ወይ እያለ ያደርቃል።

እርስዎም አርባን ካለፉ፣ በዚህ ሳምንት ሄደው የዓይንዎን ግፊት ያስለኩ። በመሣሪያ።