ምላስ የሌለው እንቁራሪትና የዘሀራ አባት

ዛሬ አማቴ ሊሆኑ የነበሩትን ሰው ከጂን ጋር ቆልፌባቸው ሮጥኩ!

ወላሂ አልዋሸሁም። ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

እንደምታውቁት ከሚሴ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ለክፍል ማሳያ ብዬ ከጨፋ ረግረግ ሦስት እንቁራሪት በጀሪካን አምጥቼ ቤቴ ባልዲ ውስጥ አኑሬያለሁ። ተራ እንቁራሪት እንዳይመስሏችሁ! ኑሯቸው ውሃ ውስጥ ነው፣ የኋላ እግራቸው ጥፍር አለው፣ ምላስ የሚባል ነገር የላቸውም። የጥንት ዘመዶቻቸው አጥንት በዳይኖሰር ዘመን አለት ላይ ታትሞ ይገኛል። ዓይናቸው ወደ ላይ ነው። ባልዲው ላይ ስታጎነብሱ ቀድመው እያዩዋችሁ ነው።

ከሰዓት የዘሀራ አባት ሀጂ መጡ። ልጃቸውን ከመስጠታቸው በፊት አኗኗሬን ሊያዩ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ መብራት የለም። ጥጉ ላይ ካለው የውሃ በርሜል ቀድቼ ዉዱእ አስደረግኳቸው፣ የአስርን ሶላት አብረን ሰገድን። እዚህ ድረስ ሙሽራ ነኝ!

ከሶላቱ እንደተነሳን...

ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

ዝም አልን። እሱም ዝም አለ። ስንተነፍስ ቀጠለ።

«ኩን ማሊ? ምንድነው እሱ? እንቁራሪቶችህ ናቸው?» አሉ ሀጂ፣ ሲገቡ ወዳሳየኋቸው ባልዲ እያዩ።

አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት! «አይ ሀጂ፣ እነሱ ምላስ የላቸውም፣ ድምፅ አያወጡም» ብዬ ባልዲውን ከፈትኩ። ሦስቱም አሉ። ጭጭ።

ጠቅታው ከኋላዬ መጣ። ማንም ከሌለበት ጥግ።

«ታዲያ ማነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እንቁራሪት አይደለም ያልኩት እኔው ነኝ፣ ከጂን ሌላ ምን ቀረ?

እግሬ አውጪኝ! በሩን ከውጭ ቀርቅሬ ግቢው መሃል ራሴን አገኘሁት።

ከውስጥ «ቢስሚላህ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ የበርሜል ክዳን ሲነሳ። ከዚያ ውሃ ሲንቦጫረቅ።

«አንተ ልጅ፣ ክፈት!»

ስከፍት አራተኛ እንቁራሪት ይዘው ቆመዋል። ለካ እንቁራሪቶቹን ያመጣሁበትን ጀሪካን ባዶ መስሎኝ ከቦኖ ውሃ ሞልቼ በርሜሉ ውስጥ ገልብጬዋለሁ! አፉ ግጥም ብሏል፣ ጉሮሮው ግን በጣታቸው ሥር ይመታል።

«ጨፋ ነው ያደግኩት። ይሄ የሚናገረው በጉሮሮው ነው፣ አንተ አስተማሪ» አሉ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጫማቸውን አጥልቀው በሩ ላይ ዞር አሉ።

«ልጄ እዚህ ውስጥ ብትሆን ኖሮ፣ እሷንም ትቆልፍባት ነበር?»

«በፍፁም!» ማለት ነበረብኝ። እኔ አሰብኩ። ሀጂም ሳስብ አዩኝ፣ ሄዱ።

ዘሀራ ስልክ አታነሳም። እናንተዬ፣ ሰው እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ቆሞ ያስባል?