ሦስት ጊዜ ተጠርቶ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ጨፌው ሊጎበኘኝ ቤቴ ድረስ መጣ።

ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ እኔ ነበርኩ እሱን ልጎበኝ የሄድኩት። ደጋ ላይ ያለ ሰፊ ረግረግ ነው፤ ማንም ያልቆፈራቸው ኩሬዎች በቄጠማው መሀል እዚህም እዚያም ቁጭ ብለዋል። ከባለቤቴ ከየሻረግ ጋር አንድ ቀን እንሄዳለን ስንባባል ኖረን ሳንሄድ ሞተች። ሁለት ዓመቷ ነው። ያስጎበኙኝ የአገሩ ሰው፣ አቶ ጌጤ፣ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። ከኩሬዎቹ አንዱ ሰውን በስሙ ይጠራል አሉ። በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ያለ ይሰምጣል፣ በሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛ ከተጠሩ ግን አይፍሩ፣ የጠራዎት ሰው ነው፤ ውሃ ከሁለት በላይ አይጠራም አሉኝ።

ሳቄ መጣ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የፍርድ ቤት ስም ጠሪ ነበርኩ። በር ላይ ቆሜ ባለጉዳይን ሦስት ጊዜ እጠራለሁ፤ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል። ያን ሁሉ ሰው በስሙ ስጠራ ኖሬ አሁን እኔን የሚጠራኝ ጠፋ። ለሱቁ ሰው አባባ ነኝ፣ ለታክሲው ረዳት ፋዘር። ከየሻረግ ተዝካር ወዲህ ስሜን ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ቅዳሜ ዕለት ከኩሬ ኩሬ ስዞር የዋልኩት ቢጠራኝ ብዬ ነው። አንዱም ትንፍሽ አላለም።

በሕልሜ ታዲያ አልጋዬ ላይ ጋደም እንዳልኩ ዳክዬዎች በሰልፍ ገቡ። ሁሉም የሩቅ ማያ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። የሚያስጎበኛቸው ባርኔጣ ያደረገ እንቁራሪት ነበር። ይደነብራልና ድምፃችሁን ቀንሱ አላቸው።

«ይኼ ጡረተኛ ይባላል» አለ። «ደረቅ ቦታ ይወዳል። የሚበላው ከድስቱ ላይ ቆሞ ነው።»

አንዲት ዳክዬ ጥንድ የለውም ወይ ብላ ጠየቀች።

«ነበረችው። እስከዛሬ የአልጋውን ግማሽ ለሷ ትቶ ነው የሚተኛው።»

ዳክዬዎቹ ይህንን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። አፈርኩ። ሆኖም ወደ አልጋው መሀል አልተጠጋሁም።

ልሸሻቸው ወደ ውጭ ወጣሁ። ለካ የበዓል ዋዜማ ነው፤ ቄጠማ ማጭድ ይዞ የሰዉን ፀጉር እያጨደ ደጁ ላይ ይጎዘጉዛል። የሰፈሩ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተራውን ይጠብቃል። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ቄጠማዎቹ መላጣዬን ዳሰስ አደረጉና ይኼስ ጦሙን ያደረ መሬት ነው ብለው አለፉኝ። ለመታጨድ እንኳ ሳልበቃ መቅረቴ ከፋኝ።

ወዲያው ራሴን ፍርድ ቤት አገኘሁት። ኩሬዎቹ ውሃቸው እንዳይፈስ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ዳኛው ጉርጥ ነው። በልማዴ በሩ ላይ ልቆም ስል ቦታዬን ቁራ ይዞታል። ባለጉዳይ ነህ፣ ግባ ብሎ ከሁለት ኩሬዎች መሀል አስቀመጠኝ፤ ሱሪዬ በግራም በቀኝም ራሰ። በምን እንደተከሰስኩ ጠየቅሁ። ከጎኔ ያለችው ኩሬ ክስ የሚባል ነገር የለም አለችኝ። እዚህ የሚጠራው ሰው የናፈቀው ነው፤ የሚጠራውም በናፈቀው ሰው ድምፅ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ዝም ያለ መዝገቡ ይዘጋል፣ ያ ድምፅ ሁለተኛ አይመጣም።

ጨነቀኝ። ብቸኩል እሰምጣለሁ፣ ብዘገይ መዝገቡ ይዘጋል።

«ቢተው አየለ።»

የየሻረግ ድምፅ ነው፤ ያ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚሻክረው።  አቤት ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የሻረግ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። እሷ ባደገችበት አገር ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም። ይኼ ውሃው ነው አልኩ።

«ቢተው አየለ።»

አግዳሚውን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ጉርጡ መዝገቡን ሊዘጋ እጁን አነሣ። ኩሬዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። 

«ሰማህ ወይ።»

ይኼ የራሷ ነው። ምሳ ሲደርስም፣ የተሰጣ ልብስ ላይ ዝናብ ሲመጣም እንዲህ ነበር የምትጠራኝ። ሆስፒታል ውስጥ፣ በመጨረሻዋ ጠዋትም እንዲሁ ጠርታኛለች አሉ። እኔ ሐኪሙን ላነጋግር ኮሪደር ላይ ነበርኩና አልሰማኋትም፤ ኋላ ነርሷ ናት የነገረችኝ። ሦስት ጊዜ ጠራችህ ነው ያለችኝ።

ተነሣሁና ባለኝ አቅም ሁሉ «አቤት» አልኩ። «አቤት፣ አለሁ።»

ውሃው ተንዶ መጣብኝና ነቃሁ።

ነግቷል። ውሃው የግቢያችን ቧንቧ ነው፤ በሦስተኛ ቀኑ መጥቶ ባዶ ባልዲ ላይ ይንዠቀዠቃል። ከስሱ ግድግዳ ማዶ ጎረቤቴ ዘርትሁን ሰማህ ወይ፣ ውሃ መጣ ብላ ባሏን ስትቀሰቅስ ኖሯል። የእኔን አቤት ሰምታ ግድግዳውን ቆርቆር አደረገች። 

«ጋሽ ቢተው» አለችኝ በግድግዳው፣ «እርስዎን አይደለም የጠራሁት።»